ስለ ነፋሱ ሳትነግሩን ለምን ወደ ውሃ ላካችሁን?

ለፓድልቦርድ ኪራይና ስልጠና ማዕከሉ ሥራ አስኪያጅ

ጉዳዩ፦ ለጀማሪዎች ስለተሰጠን ጥንቃቄ የጎደለው አገልግሎት ቅሬታ ስለማቅረብ

ጤና ይስጥልኝ። ባለፈው ቅዳሜ ከሦስት ጓደኞቼ ጋር ማዕከላችሁ መጥተን ነበር። አራታችንም ከዚያ በፊት ፓድልቦርድ ላይ፣ ማለትም ውሃ ላይ ቆመው በሚቀዝፉት ሰሌዳ ላይ፣ ቆመን አናውቅም። ቦታ ስንይዝ ይህንን በስልክ ተናግረናል። ፎርሙ ላይም «ጀማሪ» በሚለው ሳጥን ምልክት አድርገናል። ማስታወቂያችሁ «አሰልጣኝ አብሯችሁ ይወጣል» ይላል። እናንተን የመረጥነውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ አንዷ ጓደኛችን ዋና አትችልም።

አሰልጣኝ የሚባል ሰው አላየንም። የነበረው ቦርድ የሚያድል አንድ ልጅ ብቻ ነው። እሱም ከኋላችን የተሰለፈውን ሰው ለማስተናገድ ይሯሯጥ ነበር። በልጁ ላይ ቅሬታ የለኝም። አንድ ሰው ሂሳብ እየተቀበለ፣ ቦርድ እየነፋ፣ ዕቃ እየተረከበ አሰልጣኝም ይሁን ማለት አይቻልም። ቅሬታዬ እሱን ብቻውን እዚያ ባቆመው ላይ ነው። የተሰጠን ማብራሪያ በሙሉ ይህ ነበር፦ «መጀመሪያ ተንበርከኩ፣ ከዚያ ቁሙ፣ በአንድ ሰዓት ተመለሱ።»

ላይፍ ጃኬት ለአራት ሰው ሦስት ተሰጠን። የአንደኛው መቆለፊያ ተሰብሮ በገመድ ተቋጥሯል። ደህና የሚመስለውን ዋና ለማትችለው ጓደኛችን ሰጠናት። እኔ ያለ ጃኬት ወጣሁ። እምቢ ማለት ነበረብኝ፤ እሱን አምናለሁ። ግን ማንም አትወጣም ብሎ አልከለከለኝም።

ቦርዶቹ በአየር የሚነፉት ዓይነት ናቸው። የእኔ ላይ ስቆም መሐሉ ሰርጎ ሁለቱ ጫፎች ቀና አሉ፤ ውሃው ቁርጭምጭሚቴ ድረስ መጣ። የቦርድ ነገር እንዲህ ነው ብዬ ዝም አልኩ። በኋላ ሳጣራ፣ እንዲህ ያለ ቦርድ አብዛኛውን ጊዜ ከ12 እስከ 15 ፒ.ኤስ.አይ ግፊት ይፈልጋል። ልኩም አየር ማስገቢያው አካባቢ ይጻፋል። በደንብ የተነፋ ቦርድ እንደ ጣውላ ይጠነክራል እንጂ አይሰረጉድም። መቅዘፊያውንም ሦስታችን አዙረን ነበር የያዝነው። ሰፊው ጫፍ ወደ ፊት እንዲያዘነብል ተደርጎ ነው የሚያዘው። ርዝመቱ ደግሞ ከቁመታችን 20 ሴንቲ ሜትር ያህል እንዲበልጥ መስተካከል ነበረበት፤ የእኔ ትከሻዬ ላይ ነበር የቀረው። ይህን ሁሉ ለማሳየት ሁለት ደቂቃ ይበቃ ነበር።

እንዲያም ሆኖ የመጀመሪያዎቹ 20 ደቂቃዎች በጣም ደስ ይሉ ነበር። ይህንንም መጻፍ አለብኝ፣ ምክንያቱም ስፖርቱን ወድጄዋለሁ። እግራችንን እያየን ስንቆም ወዲያው እንወድቃለን። ቀና ብለን ራቅ ያለ ነገር ስናይ ሚዛናችን ይመጣል። ይህን ራሳችን ደረስንበት። ዋና የማትችለው ጓደኛችን ጉልበቷ እየተንቀጠቀጠ ቀጥ ብላ ስትቆም ሦስታችንም ጮቤ ረገጥን።

ነፋሱ ግን ከዳር ወደ ሐይቁ መሀል ይነፍስ ነበር። ዋናው ቅሬታዬ እዚህ ላይ ነው። እንዲህ ያለ ነፋስ ዳር ለቆመ ጀማሪ አይታወቀውም። ዛፉና ከፍታው ስለሚከልሉት ዳሩ ላይ ያለው ውሃ ጸጥ ብሎ ይታያል። ሰውም ጥሩ ቀን ነው ብሎ ይገባል። እየራቁ ሲሄዱ ከለላው ያልቃል፤ ነፋሱም ከኋላ ይገፋል። ቦርዱ እንዲሁ ሲንሸራተትልን ቀዘፋ የለመድን መስሎን ነበር። ለመመለስ ዞር ስንል ነው ነገሩ የገባን። ቆሞ የሚቀዝፍ ሰው ገላው ራሱ እንደ ሸራ ነፋስ ይይዛል። ክንዳችን እስኪዝል ቀዘፍን፤ ዳሩ ግን እየራቀን ሄደ። እናንተ በየቀኑ እዚያ ውሃ ላይ ናችሁ። ነፋሱ ወዴት እንደሚነፍስ ሳታውቁት አትቀሩም።

ዋና የማትችለው ጓደኛችን የወደቀችው ያኔ ነው። እግሯን ከቦርዱ ጋር የሚያያይዘው ገመድ ይይዛታል ብለን ነበር። ማሰሪያው ግን የሚጣበቅበት ጎን አልቆ፣ አሸዋ ሞልቶት ኖሯል። ስትወድቅ ተላቀቀ። ቦርዱ መጀመሪያ አጠገቧ ነበር። እጇን ዘረጋች፤ ጣቷ ጫፉን ነካው። ነፋሱ አንድ ጊዜ ሲገፋው ሁለት ሜትር ራቀ፣ ከዚያ አምስት ሜትር፣ ከዚያ ማየት ተውኩ። ባዶ ቦርድ ነፋስ ካገኘው ጎበዝ ዋናተኛም አይደርስበትም። ጃኬቱ ከውሃው በላይ ያዛት። ግን በጣም ስለሰፋት ወደ ላይ እየወጣ አገጯን ይሸፍነው ነበር፤ በሁለት እጇ ወደ ታች ትጎትተዋለች። ስሜን እየደጋገመች ትጠራለች። ሌላ ቃል አልወጣትም።

እኔ ከፍርሃት የተነሳ ቦርዱ ላይ በደረቴ ተኛሁ። በእጆቼ ውሃውን ስቀዝፍ ቦርዱ ሄደልኝ። ነፋስ ሲጠነክር መደረግ ያለበት ይኸው እንደሆነ ያወቅሁት ቤት ገብቼ ነው። መንበርከክ፣ ካልሆነም መተኛት፣ ገላን ከነፋሱ ማሳነስ። ደረስኩባትና የቦርዴን ጫፍ ያዘች። ከዚያ በላይ ግን አቅም አልነበረኝም። ፊሽካ የለንም። ዳር ቆሞ የሚያየን ሰውም አልነበረም። በካያክ (ተቀምጠው በሚቀዝፉት ጠባብ ጀልባ) የሚያልፉ ሁለት የማናውቃቸው ሰዎች አይተውን፣ ተራ በተራ ጎትተው አወጡን። ከማዕከላችሁ የመጣ ማንም የለም።

ስንመለስ ልጁ ደንግጦ የራሱን ጃኬት አውልቆ ለጓደኛችን ደረበላት። እግዜር ይስጠው። ሂሳብ ክፍል ግን የጠየቁን ሌላ ነገር ነው፤ ሰዓት ስላሳለፍን ተጨማሪ ክፍያ፣ ለጠፋው ቦርድ ደግሞ ካሳ። ስንከራከር «ፈርማችኋል» ተባልን። አዎ፣ ፈርመናል። የፈረምነው ወረቀት ስፖርቱ አደጋ እንዳለው ማወቃችንን ይገልጻል። የማይይዝ ማሰሪያ እንድትሰጡን አልፈቀድንም።

ከዚያ ቀን ወዲህ እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ስለዚህ ስፖርት አነባለሁ። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 30 ቀን 2021 በዌልስ፣ ሃቨርፎርድዌስት፣ በፓድልቦርድ የወጣ ቡድን በሞላ ወንዝ ላይ ከአንድ አነስተኛ ግድብ ወርዶ አራት ሰዎች ሞተዋል። ጉዞውን ያዘጋጀችው አሰልጣኝ በ2025 የ10 ዓመት ከ6 ወር እስራት ተፈርዶባታል። ይህን የምጽፈው ለማስፈራራት አይደለም። እናንተም በማስታወቂያችሁ የወንዝ ጉዞ ስለምትሸጡ ነው። በሚፈስ ውሃ ላይ የቁርጭምጭሚት ማሰሪያ ራሱ ጠንቅ ነው። ገመዱ ግንድ ወይም ድንጋይ ላይ ከተያዘ ውሃው ሰውየውን ይደፍቀዋል፤ ጎንበስ ብሎ እግሩን ሊፈታ አይችልም። ለዚያ የሚሆነው ወገብ ላይ የሚታሰርና አንዴ ሲስቡት የሚፈታ ነው። መደርደሪያችሁ ላይ ያየሁት ሁሉ ግን የእግር ነው። እባካችሁ፣ ሌላው ቢቀር ይህን ሳታስተካክሉ ሰው ወደ ወንዝ አትውሰዱ።

የከፈልነው ሂሳብ በሙሉ ይመለስልን። ተጨማሪ ክፍያውና የቦርዱ ካሳ ይሰረዝ። ከገንዘቡ በላይ ግን የምጠይቀው ሌላ ነው። ያረጁትን ማሰሪያዎች አስወግዱ። ጃኬት ከሌለ ቦርድ አታከራዩ። ነፋሱ ከዳር ወደ ውስጥ በሚነፍስበት ቀን ጀማሪ አታስወጡ። በሌላውም ቀን ቢሆን ሰው ወደ ውሃ ከመግባቱ በፊት መሬት ላይ 15 ደቂቃ አስረዱት፤ እንዴት እንደሚወደቅ፣ ከቦርዱ እንዴት እንደማይለያይ፣ ነፋስ ሲመጣ እንዴት እንደሚመለስ። ዳር ላይ የሚጠብቅ ሰው አቁሙ። ለልጁም አጋዥ ቅጠሩለት።

መልሳችሁን በጽሑፍ በ10 ቀን ውስጥ እጠብቃለሁ። ጓደኛችን ዋና ለመማር ተመዝግባለች። ወደ ቦርዱ መመለስ ትፈልጋለች፤ እኛም አብረናት እንሆናለን። እናንተ ዘንድ እንመጣ እንደሆነ የምንወስነው መልሳችሁን አይተን ነው።

ከሰላምታ ጋር
ደንበኛችሁ