የዳሌ ሕመም ሁሉ ብርድ አይደለም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ስለ ቁርጥማት ያወጣችሁትን ጽሑፍ ደብረ ብርሃን ሆኜ አነበብኩት። ደግ ነው፤ ግን ጥፋቱን ሁሉ እርጅናና ብርድ ላይ ደፈደፋችሁት። እኔ ገና 34 ዓመቴ ነው። ብርዱንም ቢሆን ለምጄዋለሁ፣ መንዝ ነው ያደግኩት።

መምህርት ነኝ፤ ቀኑን ሙሉ ሰሌዳ ፊት ቆሜ እውላለሁ። ማታ ብሽሽቴ ውስጥ ይጠዘጥዘኛል፣ አነክሳለሁ። አንዱ «ብርድ ነው፣ ቅባት ተቀቢ» ይላል። ሌላው ወጌሻ ጋ ይልካል። እናቴ ሸንኮራ ዮሐንስ ወሰደችኝ (ጸበሉን አልተውኩም፣ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው)። በኋላ አንድ የአጥንት ሐኪም ራጅ አስነሳኝ። ለካ የዳሌዬ ጉድጓድ ሲፈጠርም ጥልቀት አልነበረውም።

ስንራመድ በአንድ እግር በቆምን ቁጥር ዳሌያችን የክብደታችንን ሦስት እጥፍ ያህል ይሸከማል። ጉድጓዱ የጭኑን አጥንት ራስ በደንብ ካቀፈው ጫናው ይከፋፈላል። ካላቀፈው ማቶቱ እንደጠበበው ጀበና ጠርዝ ላይ ያርፋል። ሸክሙ ያው ነው፣ የሚያርፍበት ቦታ ግን ጠባብ። ታዲያ አጥንቱን የሚያለብሰው ልም አጥንት እዚያው ጠርዙ ላይ ያልቃል። ልም አጥንት ነርቭ የለውም፤ ሲያልቅ ቶሎ አይጮኽም። የደም ሥርም ስለሌለው መልሶ አይጠገንም ማለት ይቻላል። ቁርጥማቱ በወጣትነት የሚመጣው ለዚህ ነው።

ጉድጓዱ የአጥንቱን ራስ ምን ያህል እንደሸፈነው ለማወቅ ራጁ ላይ ማዕዘን ይለካል። ከ25 ዲግሪ በላይ ደህና ነው፣ ከ20 በታች ጉድለት ነው። የእኔ 16 ሆነ። ልም አጥንቱ ሳያልቅ ከተደረሰበት ጉድጓዱን ቆርጦ የሚያዞር ቀዶ ሕክምና አለ፤ ስዊዘርላንድ ውስጥ ፕሮፌሰር ራይንሆልድ ጋንዝ የጀመሩት ነው። ካለቀ በኋላ ግን የሚቀረው ሰው ሠራሽ ዳሌ ነው።

ይበልጥ የሚቆጨኝ የሕፃናቱ ነገር ነው። ሴት ልጅ፣ የበኩር ልጅ፣ በመቀመጫዋ የመጣች ወይም ዳሌው የታመመ ዘመድ ያላት በሐኪም እጅ ልትታይ ይገባል። የጉድጓዱ ጉድለት ስድስት ወር ሳይሞላት ከተገኘ እግሯን ከፈት አድርጎ በሚይዝ ማሰሪያ ብዙ ጊዜ ይስተካከላል። በብርድ ሰበብ እግሯን አጥብቆና አቅንቶ መጠቅለል ደግሞ ይጎዳታል። ማዘሉን ግን አትተዉ፤ ጀርባ ላይ እግሯ ተከፍቶ ስለሚታቀፍ ለዳሌዋ ጥሩ ነው። አያቶቻችን እዚህ ላይ አልተሳሳቱም።

እባካችሁ ለሚቀጥለው እትም አንድ የአጥንት ሐኪም አነጋግሩ። ስለ ጨቅላዎቹም ጠይቁልን።

አንባቢያችሁ፣ ከደብረ ብርሃን