የባዶው ወር ሒሳብ የት ገባ?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

የሚከራይ ቤት በብድር ስለመግዛት ባለፈው ዕትማችሁ ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። «ቤቱን ባንክ ይገዛልዎታል፣ ዕዳውን ተከራይ ይከፍልልዎታል» የምትለዋ ጋ ስደርስ ሳቄ መጣ። ከአራት ዓመት በፊት እኔም ለባለቤቴ ይህንኑ ብያት ነበር። እሷም «ቤቱ ባዶ የሆነ ወርስ ማን ይከፍላል?» አለችኝ። መልስ ስላልነበረኝ ወሬ ቀየርኩ።

የሒሳብ አስተማሪ ነኝ። ወለድን ለዓመታት በሰሌዳ ላይ ሳሰላ ኖሬያለሁ። የራሴን ውል ስፈርም ግን እርሳስ እንኳ አላነሳሁም። ቤቱን አይቼ ወደድኩት፣ አለቀ።

የመጀመሪያው ዱላ ከገማቹ መጣ። ባንኩ 70 በመቶ ያበድራል ሲሉኝ፣ 30 በመቶው በእጄ ስላለ ነገሩ የተጨረሰ መስሎኝ ነበር። የባንኩ ገማች መጣ፤ ግድግዳውን በመዳፉ መታ መታ አደረገ፣ የመታጠቢያ ቤቱን ጣሪያ ቀና ብሎ አየ፣ ጥቂት ፎቶ አነሳና ሄደ። ሻይ እንኳ አልደረሰለትም። እኔ የተስማማሁበትን ዋጋ 100 ብንለው፣ እሱ ከሳምንት በኋላ ቤቱን 85 ብሎ ገምቶት አረፈ። ባንክ የሚያበድረው እኛና ሻጩ በተጨባበጥንበት ዋጋ ላይ አይደለም፤ ዝቅ ባለው ላይ ነው። የ85 ሰባ በመቶ 59.5 ነው። ስለዚህ ከእኔ የሚፈለገው 30 መሆኑ ቀረና 40.5 ሆነ። ቀብድ ከፍዬ ነበር፤ ብተወው ቀብዱ ይበላል። ዘመድ አዝማድ ጋ ሄጄ ሞላሁት። ቀብድ ከመስጠታችሁ በፊት «ብድሩ ካልተፈቀደ ወይም ግምቱ ካነሰ ቀብዱ ይመለሳል» የምትል አንዲት መስመር ውሉ ላይ አስገቡ። ሻጭ ሊያኮርፍ ይችላል። ያኩርፍ።

ወደ ወለዱ ልምጣ። የተበደርኩት በ15 በመቶ፣ በ20 ዓመት የሚከፈል ነው። የወር ክፍያው ሁልጊዜ እኩል ስለሆነ ዕዳውም እኩል እየቀነሰ የሚሄድ ይመስላል። አይደለም። ከመጀመሪያው ወር ክፍያ 95 በመቶው ወለድ ነው፤ ከዋናው ብድር ላይ የምትነሳው 5 በመቶዋ ብቻ ናት። ሦስት ዓመት አንድም ወር ሳላሳልፍ ከፈልኩ። ከእጄ የወጣው ከተበደርኩት 47 በመቶ ያህላል። ባንኩ የሰጠኝን ወረቀት ሳይ ዕዳው የቀነሰው 3 በመቶ ነው። ወረቀቱን ገልብጬ ጀርባውን ሁሉ አየሁት፤ የቀረ ነገር ያለ መስሎኝ።

አሁን ኪራዩን እንይ። የወር ክፍያዬን 100 ብንለው ኪራዩ 108 ነበር። ስምንቷ ትርፍ ናት ብዬ ልቤ ሞቀ። በዓመት 96 መሆኑ ነው። በመጀመሪያው ዓመት ቤቱ ሁለት ወር ባዶ ቆመ። ከአሥር ወር ኪራይ 1080 ገባ፣ ለባንክ 1200 ወጣ። እዚያው ላይ 120 ጎደለ። በሰባተኛው ወር ተከራዬ በሌሊት ደወለች፤ የመታጠቢያ ቤቱ ቧንቧ ግድግዳ ውስጥ ፈንድቷል። ቧንቧ ሠሪው ሴራሚኩን ሰብሮ ቧንቧውን በአንድ ሰዓት ጠገነ። የሰበረውን ሴራሚክ መልሶ ማልበስ ግን ከጥገናው በላይ ፈጀ፤ ያው ዓይነት ስላልተገኘ ግማሽ ግድግዳ አስለጠፍኩ። ገማቹ ለምን ጣሪያውን ቀና ብሎ እንዳየ ያኔ ገባኝ። ቀለሙ፣ የደላላው ኮሚሽን፣ ኢንሹራንሱና ግብሩ ሲደመሩ ሌላ 90 ሄደ። 96 አተርፋለሁ ያልኩት ሰውዬ 210 ከደሞዜ ጨመርኩ። ከሁለት ወር ክፍያ በላይ ማለት ነው።

ውሉ ውስጥ ባንኩ ወለዱን ሊያሻሽል እንደሚችል የምትናገር አንቀጽም አለች። ወለዱ ከ15 ወደ 17 በመቶ ቢወጣ የወር ክፍያው 11 በመቶ ያህል ይጨምራል። የኔ ትርፍ በወረቀት እንኳ ስምንት ነበረች። ጽሑፋችሁ ይቺን ነገር ጭራሽ አላነሳትም፤ እኔ ያስከፋኝ ይሄ ነው።

አትግዙ እያልኩ አይደለም። እኔም ቤቱን አልሸጥኩትም። አሁን የማደርገው ሌላ ነው። በየወሩ ክፍያዬ ላይ አሥር በመቶ እጨምራለሁ። አንድ ሰው ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ እንዲህ ቢያደርግ የ20 ዓመቱ ብድር በ13 ዓመት ከአራት ወር ያልቃል። ጭማሪው ከዋናው ብድር ላይ እንዲነሳ በጽሑፍ ማሳወቅና ቀድሞ መክፈል ቅጣት እንደሌለው ማረጋገጥ ግን ግድ ነው። በዓመት ውስጥም ከአሥር ወር ኪራይ የበለጠ ይገባል ብዬ አላስብም። ለጥገና የተለየ ሂሳብ ከፍቻለሁ፤ ቁልፉ ባለቤቴ ጋ ነው።

ጸሐፊው ሁለተኛውን ክፍል እንደሚቀጥሉ ቃል ገብተዋል። እባካችሁ በሠንጠረዣቸው ላይ ለባዶ ወር አንድ ረድፍ ይጨምሩልን። ይህን ደብዳቤ እየጻፍኩ ሳለ ተከራዬ ደውላ በወሩ መጨረሻ እንደምትለቅ ነገረችኝ።

አንድ ቤት ያለው አከራይ፣ አንባቢያችሁ