ባቡሩን ያለ አዳፕተሩ መሸጥ ለምን እንዳቆምን፦ ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ኅዳር 2018 ዓ.ም.
ፒያሳ፣ አዲስ አበባ

ክቡራን ደንበኞቻችን፣

ካለፈው መስከረም ወር ጀምሮ የኤሌክትሪክ ባቡር መጫወቻዎችን ከነአዳፕተራቸው ካልሆነ በስተቀር አንሸጥም ማለታችን፣ በሌላ አዳፕተር ሲሠሩ ለተቃጠሉ ባቡሮችም የስድስት ወር ዋስትናችን እንደማያገለግል መወሰናችን ብዙዎቻችሁን ማስቆጣቱን አውቃለሁ። «የማንፈልገውን ዕቃ በግድ ታስገዙናላችሁ» ያላችሁኝ አላችሁ። ከሁሉ የከበደኝ ግን አባቴን በቅርብ የሚያውቁት፣ ለሦስቱም ልጆቻቸው ባቡር ከእኛ የገዙት አንድ የቆዩ ደንበኛችን፣ የተቃጠለውን የባቡር ራስ (ሞተር ያለበትንና ፉርጎዎቹን የሚጎትተውን ክፍል) ባንኮኒው ላይ አስቀምጠው «አንቺም እንደ ሌሎቹ ነጋዴ ሆንሽ ማለት ነው?» ብለውኝ መሄዳቸው ነው። ነጋዴ መሆኔን አልክድም፤ «እንደ ሌሎቹ» የሚለው ቃል ግን እንቅልፍ ስለነሣኝ ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ተገደድሁ።

በመጀመሪያ ይቅርታ የምጠይቅባቸው ሁለት ነገሮች አሉ። አዲሱን አሠራር ባንኮኒው ላይ በለጠፍናት አንዲት ወረቀት ብቻ ማሳወቃችን ስሕተት ነበር፤ ከሠራተኞቻችን አንዱ ቅሬታ ላቀረቡ እናት የሰጠው መልስም የቤታችን ቋንቋ አይደለም። ለሁለቱም ይቅርታ አድርጉልን። ስለ ውሳኔው ግን ይቅርታ ከምጠይቅ ምክንያቱን ባስረዳ ይሻላል።

እኚያ ደንበኛችን ጥለውት የሄዱትን ራስ ያን ዕለት ማታ ፈታሁት። የሞተሩ ሽቦ ጠቁሯል፤ በፊት መብራቱ ዙሪያ ያለው ፕላስቲክም ቀልጦ እንደ ሻማ ወርዷል። በማግሥቱ ደውዬ ባቡሩን በምን ሲያሠሩት እንደነበር ስጠይቃቸው፣ የመጀመሪያውን አዳፕተር ልጆቹ ረግጠው ስለሰበሩት በላፕቶፕ ቻርጀር መተካታቸውን ነገሩኝ። ጫፉ ልክ ገባ፣ ባቡሩም ከቀድሞው ይልቅ እየበረረ ሄደ፣ ልጆቹም ተደሰቱ። ይሁን እንጂ የላፕቶፕ ቻርጀር አብዛኛውን ጊዜ የሚያወጣው 19 ቮልት ሲሆን፣ ኤችኦ በመባል የሚታወቀውና እኛ በብዛት የምንሸጠው፣ ከእውነተኛው ባቡር 87 ጊዜ የሚያንሰው ባቡር የተሠራው ለ12 ቮልት ዲሲ ነው። ጫፉ መግባቱ ቮልቱ ልክ መሆኑን አያሳይም።

ኤሲና ዲሲን መለየትም እንዲሁ ነው፤ ዲሲ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚፈስ ኤሌክትሪክ ሲሆን፣ ኤሲ ግን አቅጣጫውን በየቅጽበቱ የሚቀያይር ነው። በከተማችን ውስጥ የሚመላለሰው ቀላል ባቡር በ750 ቮልት ዲሲ ይሠራል፤ ወደ ጅቡቲ የሚሄደው አዲሱ ባቡር ደግሞ በ25 ሺህ ቮልት ኤሲ። ሁለቱም ባቡር ስለሆኑ ብቻ አንዱን በሌላው መስመር ልንዳው የሚል መሐንዲስ የለም። በመጫወቻዎቹም መካከል ልዩነቱ አለ፤ የቆዩት የጀርመኖቹ ማርክሊን ባቡሮች በ16 ቮልት ገደማ ኤሲ ይሄዳሉ፣ አቅጣጫ የሚቀይሩትም 24 ቮልት ለቅጽበት ሲላክላቸው ነው። የእኛዎቹ ኤችኦ ባቡሮች ግን ወደ ኋላ የሚሄዱት የሀዲዱ ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ ሲቀያየር ስለሆነ፣ ኤሲ ቢሰጣቸው ሳይንቀሳቀሱ ቆመው ይነዝራሉ፣ ይግላሉ፣ በመጨረሻም ይቃጠላሉ። ከጀርመን ዘመድ የላከውን ትራንስፎርመር (የሶኬቱን ቮልት የሚቀንሰውን ዕቃ) ከእኛ ባቡር ጋር አገናኝታችሁ «ባቡሩ ይጮኻል እንጂ አይሄድም» ያላችሁን ሁሉ ችግሩ ይኸው ነበር።

ከአሜሪካ የሚላኩት ደግሞ የራሳቸው ጣጣ አላቸው። ላዮኔልን የመሳሰሉት የአሜሪካ ባቡሮች ትራንስፎርመራቸው የተሠራው ለ120 ቮልትና ለ60 ኸርትዝ (ኤሲው በሰከንድ 60 ጊዜ ለሚመላለስበት) ነው፤ የእኛ ሶኬት 220 ቮልትና 50 ኸርትዝ ነው። በቀጥታ የሰካው ሰው ጭሱን አይቶ ያውቀዋል። ቮልቱን ወደ 110 የሚቀንስ ኮንቨርተር ገዝቶ የሚጠቀምም አለ፤ ኮንቨርተሩ ቮልቱን ቢቀንስም ኸርትዙን አይቀይረውምና ለ60 የተሠራው ትራንስፎርመር በ50 ሲሠራ ከልኩ በላይ ይግላል። ስለዚህ ለእነዚህ ባቡሮች የምንመክረው ለ220 ቮልት የተሠራና መውጫው ከባቡሩ ጋር የሚስማማ አዲስ ትራንስፎርመር ነው፤ ይህንንም ከእኛ ግዙ አላልንም።

አሁን ብዙ ወደተከራከርንበት ወደ አምፔሩ፣ ማለትም አዳፕተሩ ሊሰጥ ወደሚችለው የኤሌክትሪክ ፍሰት መጠን ልመለስ። እስከ ነሐሴ ድረስ ራሳችን ባለ 12 ቮልት፣ ባለ 1 አምፔር ትንንሽ አዳፕተሮችን እንሸጥ ነበር። አንድ ራስ ከሁለት ፉርጎ ጋር ሲሄድ ያ በቂ ነው። ነገር ግን ልጅ በሁለት ፉርጎ አይወሰንም፤ በልደቱ አራት መብራት ያላቸው የመንገደኛ ፉርጎዎች፣ በገና ደግሞ ሁለተኛ ራስ ይጨመርለታል። አንድ ራስ ግማሽ አምፔር ያህል ይወስዳል እንበል፤ ሁለቱ 1 አምፔር ወሰዱ ማለት ነው። የአራቱ ፉርጎዎች አምፖሎች በጠቅላላው 0.4 አምፔር ገደማ ሲጨምሩበት 1.4 ይሆናል። ይህን በ12 ቮልት ስናባዛው 17 ዋት ያህል ኃይል ይመጣል፤ ባቡር ሲነሣና ዳገት ሲወጣ ከዚህም በላይ ስለሚስብ ሩቡን ለመጠባበቂያ ስንይዝ 21 ዋት እንፈልጋለን። ትንሹ አዳፕተር ግን ከ12 ዋት አያልፍም። ከዚያ በላይ ሲጫንበት ቮልቱ ይወርዳል፣ መብራቱ ይደበዝዛል፣ ባቡሩ ኩርባው ላይ ይቆማል፣ አዳፕተሩም እጅ እስከሚያቃጥል ይግላል። በነሐሴ ወር ብቻ በዚህ ምክንያት የተመለሱ አሥራ አንድ አዳፕተሮችን ተክተናል፤ ወጪውም ከእኛ ኪስ ነበር። አሁን ከባቡሩ ጋር የምንሰጠው አዳፕተር ባለ 12 ቮልት፣ ባለ 2 አምፔር፣ ማለትም 24 ዋት ነው።

«እንዲያ ከሆነ መርካቶ ውስጥ ባለ 10 አምፔር ፓወር ሰፕላይ ከእናንተ አዳፕተር ባነሰ ዋጋ እናገኝ የለም ወይ?» ያላችሁን ጥሩ ጥያቄ ነው የጠየቃችሁት። ለኤልኢዲ መብራት የሚሠራውን፣ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለውን የቆርቆሮ ሳጥን ማለታችሁ ነው። በርግጥ ሞተር ከሚፈልገው በላይ አምፔር አይወስድም፤ ስለዚህ 10 አምፔሩ ባቡሩ በሰላም በሚሄድበት ሰዓት ምንም አያደርገውም። ችግር የሚመጣው ባቡሩ ከሀዲድ ሲወጣ ነው፤ ልጆች ባሉበት ቤት ደግሞ ይህ በየአምስት ደቂቃው ይሆናል። የብረት ጎማው ሁለቱን ሀዲዶች አገናኝቶ ሾርት ያደርጋል፤ የእኛ አዳፕተር ከአቅሙ በላይ ሲሳብ ራሱን ያጠፋል፤ ያኛው ግን 10 አምፔሩን በዚያች ቀጭን ጎማ በኩል ሊያፈስ ይችላል። ጎማው ግሎ እንደ ፍም ይቀላል፣ ጎማውን የያዘው ፕላስቲክ ይቀልጣል፤ ምንጣፍ ላይ ሲሆን ምን ሊከተል እንደሚችል መናገር አያስፈልገኝም። ከሁሉም በላይ የዚያ ሳጥን የ220 ቮልት ማሰሪያ ብሎኖች ጎኑ ላይ ናቸው፤ ሽፋናቸውም የልጅ ጣት ከፍቶ ሊገባበት የሚችል ስስ ፕላስቲክ ነው። የአውሮፓ የመጫወቻ ደኅንነት ደንብ ለመጫወቻ የሚሰጠው ኤሌክትሪክ ከ24 ቮልት እንዳይበልጥ የሚያዘው በከንቱ አይደለም። ያንን ሳጥን ሸጬ ብዙ አተርፍ ነበር፤ ሆኖም ለልጅ መጫወቻ ብዬ አልሸጠውም።

ዋጋውን በተመለከተ የተሰማችሁን ቅሬታ እረዳለሁ። የምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. በፊት አንድ ዶላር በ57 ብር ገደማ ይመነዘር ነበር፤ ዛሬ ከእጥፍ በላይ ሆኗል፤ እኛ ደግሞ ከአንዲት ብሎን በቀር ሁሉንም ከውጭ ነው የምናስመጣው። የሱቅ ኪራዩም አካባቢው ከታደሰ ወዲህ እንደ ድሮው አይደለም። አዳፕተሩ በ2,900 ብር ሲጨመርበት ከባቡሩ ዋጋ ጋር ተደምሮ የሚያስደነግጥ መሆኑን አላጣሁትም፤ ነገር ግን ከአዳፕተሩ የምናገኘው ትርፍ ከባቡሩ ከምናገኘው ያነሰ መሆኑን ደረሰኞቼን ማየት ለሚፈልግ ደንበኛ ሁሉ ለማሳየት ዝግጁ ነኝ።

ይህን ሱቅ የከፈተው አባቴ በ1987 ዓ.ም. ነው። ከለገሃር ባቡር ጣቢያ በጡረታ ከተሰናበተ በኋላ የሚያውቀው ባቡር ብቻ ስለነበረ፣ ትልቁን ትቶ ትንሹን ያዘ፤ እናቴ «ሰውየው ጡረታ ወጣ እንጂ ከባቡር አልወረደም» ትል ነበር። ያን ጊዜ ትራንስፎርመር እንደልብ አይገኝምና መዳብ ሽቦውን በእጁ እየጠመጠመ ይሠራው ነበር፤ እኔ አጠገቡ ተቀምጬ በየመቶው ዙር ደብተር ላይ በእርሳስ አንድ መስመር እሰምር ነበር። አንድ ቀን አንድ መስመር ዘልዬ ሳልነግረው ቀረሁ፤ ማታውን ሲፈትነው ቮልቱ አነሰ፤ ምንም ሳይቆጣ ሁሉንም ፈትቶ እንደገና ጠመጠመው። የሚፈትነውም በመኪና የፍሬቻ አምፖል ነበር። ያ አምፖል ባለ 12 ቮልት፣ ባለ 21 ዋት ስለሆነ 1.75 አምፔር ይስባል፤ አባቴ ትራንስፎርመሩን ከአምፖሉ ጋር አገናኝቶ ቡናው ሦስተኛ እስኪደርስ ያቆየዋል፣ ከዚያ በእጁ ጀርባ ይዳስሰዋል። እጁን ካቃጠለው አይሸጥም። ያ ፈተና ዛሬም በቤታችን አለ፤ አምፖሉ ብቻ ተቀይሯል።

ስለዚህ ቅሬታችሁን ሰምቼ ከዛሬ ጀምሮ አሠራሩን በዚህ መልኩ አሻሽያለሁ። ቤታችሁ የሚገኝ አዳፕተር ካለ ይዛችሁልን ኑ፤ በፍሬቻው አምፖል ለግማሽ ሰዓት ያለ ክፍያ እንፈትነዋለን። ላዩ ላይ 2 አምፔር ተብሎ የተጻፈበት ሁሉ 2 አምፔር አይሰጥምና ጽሑፉን ብቻ አይተን አንመልስም፤ ባለፈው ሳምንት እንዲህ ተብሎ የተጻፈበት አንድ አዳፕተር አምፖሉ እንደተገናኘበት የቮልት መለኪያው (መልቲሜትሩ) ከ12 ወደ 8 ቮልት ሲወርድ ባለቤቱ ራሳቸው አይተዋል። የእናንተ አዳፕተር ፈተናውን ካለፈ ባቡሩን ለብቻው እንሸጥላችኋለን፣ ዋስትናውንም አዳፕተሩን ጠቅሰን ደረሰኙ ላይ እንጽፋለን። ካላለፈ ግን፣ እባካችሁ፣ አትከራከሩን።

መብራት ሲጠፋ አዳፕተሩን ከሶኬት ማውጣትን ደግሞ አትርሱ፤ ተመልሶ ሲመጣ የሚገባው ቮልት ደግ አይደለም፤ ባቡሩ ከፍሪጅና ከምድጃ ጋር በአንድ ዲቫይደር ላይ አይሰካ። ሀዲዳችሁ ረጅም ከሆነም ኤሌክትሪኩን በአንድ ቦታ ብቻ ሳይሆን በሁለት ወይም በሦስት ቦታ ስጡት፤ ራቅ ሲል ባቡሩ የሚደክመው አንዳንዴ አዳፕተሩ አንሶ ሳይሆን የሀዲዱ መገጣጠሚያዎች ላልተው ነው። ይህን ለማስተካከል አዲስ አዳፕተር ሳይሆን ሁለት ሜትር ሽቦ ነው የሚያስፈልጋችሁ፤ እሱን በነፃ እንሰጣለን።

የገና ሰሞን ሱቁ ስለሚጨናነቅ ፈተናውን ከታኅሣሥ 20 በፊት ብታደርጉት ይመረጣል፤ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ክፍት ነን።

በመጨረሻም ባንኮኒው ላይ የባቡሩን ራስ ትተውት ለሄዱት አባት፦ ሞተሩን ቀይሬዋለሁ፤ የቀለጠውን ፕላስቲክም ከሌላ ራስ ላይ አውጥቼ ተክቻለሁ፤ ቀለሙ ትንሽ ይለያል። ከመደርደሪያው በስተግራ፣ ከአባቴ ፎቶ ሥር ተቀምጧል። ሂሳብ የለበትም፤ ልጆቹን ይዘው ይምጡና ይውሰዱት።

ከአክብሮት ጋር፣
የሱቁ ባለቤት