የጀማና የሙሽ ቅሪተ አካላት በደብረ ብርሃን ይታዩ

ለተከበረው የጋዜጣችሁ ዝግጅት ክፍል፣

ትምህርት ቤት ሲዘጋ ልጆቻችንን ይዘን አዲስ አበባ ወደሚገኘው ብሔራዊ ሙዚየም እንሄዳለን፤ ሉሲን ያየ ልጅ ደግሞ ቀጥሎ የሚጠይቀው ስለ ዳይኖሰር ነው። ውጭ አገር ያሉ ዘመዶቻችን በዕረፍታቸው የጎበኟቸውን የዳይኖሰር ሙዚየሞች ፎቶግራፍ ይልኩልናል። በዚህ ሁሉ መካከል የራሳችን የሰሜን ሸዋ ምድር ሳይነሣ መቅረቱ ነው ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ።

ከሙከ ጡሪ ተነሥቶ በለሚ በኩል ወደ ዓለም ከተማ የሚጓዝ ሰው የጀማን ገደል ሲወርድ፣ ከላይ ጥቁሩን የእሳተ ገሞራ ድንጋይ፣ ከሥሩ በደብረ ሊባኖስ ስም የሚጠራውን የአሸዋ ድንጋይ፣ ቀጥሎ ቀላ ያለውን የሙገር ጭቃ ድንጋይ፣ ዝቅ ብሎም የኖራ ድንጋዩን በተራ ያልፋል። የጭቃ ድንጋዩ ዕድሜ 150 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ሲሆን፣ ጀርመኖች ከ1909 እስከ 1913 እ.ኤ.አ. በታንዛንያ ተንዳጉሩ ቆፍረው ካወጡትና ዛሬ በርሊን ሙዚየም ውስጥ ከ13 ሜትር በላይ ቁመት ይዞ ከቆመው ግዙፍ ዳይኖሰር ዘመን ጋር ይቀራረባል። በዚሁ የሙገር ጭቃ ድንጋይ ውስጥ ተመራማሪዎች የሥጋ በልና የዕፅ በል ዳይኖሰሮችን ጥርሶች አግኝተዋል፤ በ2007 እ.ኤ.አ. ደግሞ ከዚያው ዘመን የተረፈ የአጥቢ እንስሳ ቅሪት ከኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ መገኘቱን አሳውቀዋል።

እርግጥ ነው፣ ጎብኚው ግዙፍ አፅም ይጠብቅ ብለን ብንጋብዘው እናሳፍረዋለን። በአሜሪካ ዩታ 1,500 ያህል አጥንቶች ከነበሩበት ዐለት ሳይነቀሉ ቤት ተሠርቶላቸው፣ ጎብኚው በእጁ ሳይቀር እየዳሰሰ ያያቸዋል፤ የእኛው ግን በአብዛኛው ትናንሽ ጥርስ ስለሆነ ያን መኮረጅ ገንዘብ ማባከን ነው የሚመስለኝ። ለእኛ የሚበጀው የመስታወት ሣጥን፣ ጥሩ ማጉያ መነጽርና ነገሩን አስረድቶ የሚናገር ሰው ያለበት አንድ ክፍል ነው። ዋናዎቹ ናሙናዎች ለጥናት በሚጠበቁበት ይቆዩ፤ ቅጂያቸው ግን ወደ ደብረ ብርሃን ይምጣ።

ከጥርሶቹ ይልቅ የልጆችን ዓይን የሚይዘው ደግሞ ከከተማችን ብዙም የማይርቀው የሙሽ ሸለቆ ሀብት ሳይሆን አይቀርም። በዚያ የጥንት ሐይቅ ደለል ላይ ከ21 ሚሊዮን ዓመት በላይ ያስቆጠሩ የዛፍ ቅጠሎች ታትመው ቀርተዋል። ሥሥ ሆኖ የሚሰነጠቀው ድንጋይ ሲከፈት የቅጠሉ መካከለኛ ሥርና ከእርሱ የሚወጡት ቅርንጫፍ ሥሮች ያለ መነጽር ይለያሉ። ዳይኖሰሮቹ በዚያን ጊዜ ከጠፉ ከ40 ሚሊዮን ዓመት በላይ ሆኗቸው ነበር፤ ይህን ልዩነት ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጎ እንደማሳየት የሚያስረዳ ትምህርት አይኖርም።

መንገዱና ውኃው ሳይሟላ ስለ ድንጋይ ታወራለህ የሚለኝ ወገን እንደማይጠፋ አውቃለሁ። የምጠይቀው ግን ሕንፃ አይደለም። ይልቅስ የሚያሳስበኝ ጎብኚው ከቦታው ጠባቂ ቀድሞ የደረሰ እንደሆነ ነው፤ እያንዳንዱ ለመታሰቢያ አንድ አንድ ስንጣቂ ካነሣ ምን ይተርፋል? በድንጋይ ካባ ለሚሠሩ ወጣቶችም እንግዳ ነገር ሲያጋጥማቸው ሥራውን አቁመው ለማን መንገር እንዳለባቸው የሚያሳያቸው ሰው ያስፈልጋል። ስለዚህ የዞኑ ባህልና ቱሪዝም መምሪያ ከዩኒቨርሲቲው ጋር ተመካክሮ፣ መጪው የትምህርት ቤቶች ዕረፍት ከመድረሱ በፊት የአካባቢውን ወጣቶች በጠባቂነትና በአስጎብኚነት እንዲያሠለጥን፣ በለሚ አፋፍ ላይም የድንጋዮቹን ቅደም ተከተልና ዕድሜ የሚገልጽ ሰሌዳ እንዲያቆም በጋዜጣችሁ በኩል እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ አንባቢ፣ ከደብረ ብርሃን