ለልጄ እንገር በማንኪያ ላቀመሳችሁልኝ

ትናንት ልጃችን በ80 ቀኗ ክርስትና ተነሣች። እንግዳ በዝቶ በወጉ ሳላመሰግናችሁ ስለቀረሁ ይህን ጻፍሁ። ከሁሉ አስቀድሞ ከሞት አፋፍ የመለሰኝ እግዚአብሔር ይመስገን።

ከ20 ሰዓት በላይ ካማጥሁ በኋላ በቀዶ ሕክምና ተገላገልሁ። ብዙ ደም ፈሰሰኝ። ልጄም ቶሎ ስላልተነፈሰች ወደ ጨቅላ ሕፃናት ክፍል ወሰዷት። ሕፃን በተወለደች በ1 ሰዓት ጊዜ ውስጥ ጡት መያዝ እንዳለባት በእርግዝና ክትትሌ ደጋግመው ነግረውኝ ነበር። እኔ ግን ልጄን ያቀፍኋት በማግስቱ ማታ ነው። እስከዚያ ድረስ እንገሩን በእጄ እያለብሁ እንድልክላት የነገረኝ ሰው አልነበረም። ይህ በየማዋለጃው ቢታሰብበት ብዙ እናቶችን ከጭንቀት ያድናል።

ጡቴን ስሰጣት አልያዘችልኝም። ከመጋረጃው ወዲያ አንዲት ጠያቂ «ወተት የላትም፤ ልጅቷን በረሃብ ልትጨርሳት ነው» ስትል ሰማሁ። ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ አለቀስሁ።

የዚያን ሌሊት ተረኛ የነበርሽ አዋላጅ ነርስ፣ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጠሽ የነገርሽኝን አልረሳውም። ሰውነት ወተት በብዛት ማምረት የሚጀምረው የእንግዴ ልጁ ከወጣ በኋላ ነው፤ በአብዛኞቹ እናቶች በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ጡት ይሞላል አልሽኝ። የመጀመሪያ ልጅ ሲሆን፣ ምጥ ሲረዝም፣ በቀዶ ሕክምና ሲወለድ ወይም ደም ብዙ ሲፈስ ከ3 ቀን በላይ ሊዘገይ ይችላል። «ዘገየ እንጂ አልቀረም» ብለሽ እጅሽን ታጠብሽ፤ እኔንም አስታጠብሽኝ። ጣቶቼን ከጡቴ ጫፍ ራቅ አድርጌ ወደ ደረቴ እየገፋሁ እንድጫን አሳየሽኝ። ከብዙ ሙከራ በኋላ እንደ ማር የወፈረ ቢጫ ጠብታ ወጣ። የሻይ ማንኪያዋን ግማሽ እንኳን አልሞላም። ለእኔ ምንም ነበር፤ አንቺ ግን የአራስ ልጅ ሆድ ትንሽ ስለሆነ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጥቂቱ እንደሚበቃት፣ እንገሩም ከበሽታ እንደሚከላከልላት ነገርሽኝ። ቁስሌን እንዳትጫነኝ ትራስ ደግፈሽ በብብቴ ሥር ያስታቀፍሽኝም አንቺ ነሽ።

አማቴ ሆይ፣ እርስዎን ምን ብዬ ላመስግንዎ? ለልጅዎ ልጅ ጉሮሮ ማለስለሻ ብለው ለጋ ቅቤ ይዘው መጥተው ነበር። በአገርዎ እንገር ታልቦ ይደፋል፣ አራስ ልጅም ቅቤ ትውጣለች። ነርሷ አልተቆጣችዎትም። «እማማ፣ ጥጃ እንገር ሳይጠጣ ከቀረ ምን ይሆናል?» ብላ ጠየቀችዎት። ጥቂት ዝም አሉና «አይጠናም» አሉ። ከዚያ ቅቤውን የእኔ አናት ላይ አደረጉልኝ፤ ማንኪያውንም ከእጄ ተቀበሉ። ሦስት ሌሊት ሙሉ በየ2 ሰዓቱ እየቀሰቀሱኝ፣ ጠብታዋን እየተቀበሉ ያቀመሷት እርስዎ ነዎት። አንድ ቀን እንኳን «ወተትሽ የታለ?» አላሉኝም።

በአራተኛው ቀን ንጋት ላይ ጡቴ ግትር ብሎ፣ ቀሚሴ ርሶ ነቃሁ። ልጄ ያዘች። ስትውጥ ድምፅዋ ይሰማ ነበር። አማቴ ተነሥተው እልል ሊሉ ሲሉ ክፍሉ ውስጥ የተኙ አራሶች ትዝ አሏቸውና አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ።

ደም ለሰጣችሁኝ፣ ፊታችሁን ለማላውቀው ሰዎች፦ ያ ደም ባይደርስልኝ ጡትም አጥቢም ባልኖረ ነበር። እናቴ፣ አጥሚቱና ገንፎው አንድ ቀን ሳይቋረጥ ስላደረስሽልኝ፤ ባለቤቴ፣ ጠያቂ በበዛበት ሰዓት በሩ ላይ ቆመህ «ትረፍ» እያልህ ስለመለስህልኝ፤ የግቢያችን ሴቶች፣ ልብሷን ተቀባብላችሁ ስላጠባችሁልኝ፤ እግዚአብሔር ብድራችሁን ይክፈልልኝ።

ነርሷ፣ ስምሽን ሳልጠይቅሽ ተረኝነትሽ አልቆ ወጣሽ። ለክትባት ስመጣ ፈለግሁሽ፤ ወደ ሌላ ቦታ ተዛውራለች አሉኝ። ይህ ከደረሰሽ፣ በመስኮቱ በኩል የተኛሁት፣ ቅቤ ይዘው የመጡት አማት ምራት ነኝ። ልጄ አሁን ከ5 ኪሎ በላይ ሆናለች። ነይና ታቀፊያት።