አርማታ አይደርቅም፣ ልጄ

ደብረ ብርሃን፣ ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም.

ውድ ልጄ፣ ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የእናትሽም ጉንፋን ለቋታል። ብርዱ ግን ዘንድሮ ቀደም ብሎ ገባ። ጠዋት ጠዋት ሣሩ ላይ ውርጭ ማየት ጀምረናል። አንቺ ደግሞ ሸዋ ሮቢት ላይ በሙቀት እንደምትቸገሪ አውቃለሁ። የጣርማ በርን ዋሻ አልፎ ቁልቁል የወረደ ሰው ጋቢውን አውልቆ ነው ሮቢት የሚገባው።

ትናንት ስትደውዪ "አባዬ፣ ሐሙስ የሞላነው የአርማታ ወለል ደርቋል፤ ሰኞ ብሎኬት ላዩ ላይ እንጭናለን" አልሽኝ። ውሃ ጠጥቷል ወይ ብዬ ጠየቅሁሽ። "ዓርብ ኅዳር ሚካኤል ስለነበረ ሰው አልገባም" አልሽ። አሁኑኑ አጠጪው፣ ብሎኬቱም ይቆይ አልኩሽ። አንቺም እሺ ብለሽ ዘጋሽ። ድምፅሽ ላይ ግን ቅር ያለሽ መሰለኝ። ምክንያቱን በስልክ ማስረዳት አልሆነልኝም። ዛሬ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ወረቀት ይዤ ቁጭ አልኩ።

ልጄ፣ ሒሳቡን ከእኔ በላይ ታውቂዋለሽ። እኔ የማላነበውን ድሮዊንግ አንቺ እንደ ጋዜጣ ታነቢዋለሽ። ትናንት ከአፍሽ የወጣው ቃል ግን የዩኒቨርሲቲ ቃል አይደለም። "ደርቋል" የሳይት ቃል ነው። አንቺም መጀመሪያ የሰማሽው ከእኔ ነው። ሕፃን ሆነሽ ምሳ ስታመጪልኝ "ሲሚንቶው እስኪደርቅ እንዳትረግጪ" እልሽ ነበር። ስለዚህ ቃሉን የማረም ዕዳው የእኔ ነው።

ቃሉ ከየት እንደመጣ ብዙ አስቤበታለሁ። ከጭቃ ቤት ነው። አያትሽ ቤት ሲሠራ ጭቃው ከጭድ ጋር ይቦካል፣ ጥቂት ቀን ይከርማል፣ ይረገጣል፣ ከዚያ ግድግዳው ላይ ይመረጋል። ጭቃ ጉልበት የሚያገኘው ውሃው ሲወጣለት ነው። ደረቀ ማለት ጠነከረ ማለት ነው። ውሃ መልሶ ካገኘው ደግሞ ተመልሶ ጭቃ ይሆናል። አብዛኛው ግንበኛና ቀን ሠራተኛ እጁን የፈታው በጭቃ ነው። ሲሚንቶ ሲመጣ ቃሉን ይዞ ተሻገረ።

ሲሚንቶ ግን የጭቃ ተቃራኒ ነው። ውሃውን አውጥቶ ሳይሆን ውሃውን ከራሱ ጋር አዋህዶ ነው ድንጋይ የሚሆነው። ይህ ሥራ በአንድ ሌሊት አያልቅም። ውሃ እስካለው ድረስ ለሳምንታት ይቀጥላል። ውሃው በፀሐይና በንፋስ ካለቀበት ሥራው እዚያው ይቆማል። እውነትም "ደረቀ" የምትዪው አርማታ ካለ፣ ያ የተጠማ አርማታ ነው።

እኔ አሁን አብረውኝ ለሚሠሩት ልጆች ሦስት ቃል ለይቼ ነው የምነግራቸው። ከተሞላ ከጥቂት ሰዓት በኋላ ጣት አልገባበት ሲል "ያዘ" ነው። ያዘ ማለት ቅርፁን ያዘ እንጂ ሸክም ይችላል ማለት አይደለም። ከዚያ በኋላ ያለው "እየጠነከረ ነው" ይባላል። በ7 ቀኑ ከጉልበቱ ሁለት ሦስተኛ ገደማውን ያገኛል፤ ፒፒሲ (ፖዞላና የተቀላቀለበት) ሲሚንቶ ከሆነ ደግሞ ዘገም ይላል። የጥንካሬ ምርመራው የሚቆጠረው በ28 ቀኑ ነው። "ደረቀ" የሚለውን ሦስተኛውን ቃል ለጥፋት ብቻ አስቀምጠነዋል። "ማን ነው ያደረቀው?" ሲባል ሁሉም ወደ ውሃ ቱቦው ይሮጣል።

ቃል እጅን ያዛል፣ ልጄ። "ደርቋል" ያልሽው ሠራተኛ ውሃ አያጠጣም። ለምን ያጠጣል? የደረቀን ነገር መልሶ ማርጠብ ለእሱ ማበላሸት ነው። "ገና እየጠነከረ ነው" ካልሽው ግን ጆንያውን ራሱ ፈልጎ ያለብሰዋል።

የሚካኤሉን ነገር ደግሞ ልንገርሽ። በበዓል አትሥሩ መባሉን አከብራለሁ። ግን በኅዳር ሚካኤልም ቢሆን ከብት ውሃ ይጠጣል። አርማታ ማጠጣትም እንደዚያ ነው። ዘበኛውን አስቀድመሽ አነጋግሪው፣ ትንሽ ነገር ጨምሪለት፣ ጠዋት፣ ቀትርና ማታ ያጠጣልሽ። በዓል ሊውል ሲል ደግሞ ከዋዜማው ባትሞሉ ይሻላል። ቢያንስ 7 ቀን ሙሉ እርጥብ ሆኖ ይቆይ። ለፒፒሲ ብትጨምሪለት እኔ ደስ ይለኛል።

አሁን ለማንም ያልነገርኩትን ልጽፍልሽ ነው። የዛሬ 18 ዓመት፣ በታኅሣሥ፣ እዚሁ ከተማ ዳር ለአንዲት ጠላ ሸጠው ለሚተዳደሩ እናት የቤት ወለል ሞላሁ። ሞልተን የጨረስነው ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ ነበር። ሳልሸፍነው ወደ ቤቴ ሄድኩ። ሌሊት ውርጭ ጣለ። ያልያዘ አርማታ ውስጥ ያለ ውሃ በረዶ ሲሆን ያብጣልና ከውስጥ ይበጣጥሰዋል። ጠዋት ስመጣ ላዩ ነጥቷል። በጥፍሬ ስፍቀው ዱቄት ሆነ። ያኔ "ደርቋል" አልኩና ሊሾ አለበስኩት። ክረምት ሳይወጣ ሊሾው እንደ ቅርፊት ተነሣ። ሴትዮዋ "ሲሚንቶው መጥፎ ኖሯል መሰለኝ" አሉኝ። "አዎ" አልኳቸው።

ያ "አዎ" ለሁለት ዓመት አላስተኛኝም። በመጨረሻ ሄጄ እውነቱን ነገርኳቸው። ወለሉን አፍርሼ በራሴ ገንዘብ መልሼ ሞላሁት። ከዚያ ወዲህ በብርድ ወራት ደብረ ብርሃን ላይ የምሞላው ከጠዋቱ 3 ሰዓት ጀምሮ ነው። ከ9 ሰዓት በፊት ጨርሼ በላስቲክና በጭድ እሸፍነዋለሁ። ድጋፍ አጣናውንም ከሌላው ጊዜ በላይ አቆየዋለሁ፤ በብርድ አርማታ ለመጠንከር ይዘገያል።

አንቺ ጋ ያለው ጣጣ ግን ሌላ ነው። እኛ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ነን፣ ሮቢት 1,300 ሜትር አካባቢ ናት። ሙቀቱ ቶሎ ያስይዘዋል። ቶሎ መያዙ ደግሞ ያታልላል፤ የጠነከረ ያስመስለዋል። ላዩ ገና ሳይይዝ ፀሐዩ ውሃውን ከሳበው ቀጫጭን ስንጥቅ ያወጣል። ስለዚህ ጎሕ ሲቀድ ጀምሩ። ጠጠሩን ከዋዜማው ጥላ ሥር አርጥቡት። የውሃ በርሜሉን ፀሐይ ላይ አታስቀምጡ። እየሞላችሁ ከኋላ ከኋላ በላስቲክ ሸፍኑ።

ሠራተኞቹ ስትናገሪ የሚስቁብሽ ነገር ያሳዝነኛል። የአርማታውን ወለል አንቺ "ስላብ" ስትዪ እነሱ "ሶሌታ" ይላሉ። የአርማታውን ብረት አንቺ "ሪባር" ስትዪ እነሱ "ፌሮ" ይላሉ። ሁለታችሁም ትክክል ናችሁ። ጣሊያን በ1928 እና በ1933 ዓ.ም. መካከል በወረራው ጊዜ መንገዱን ሲሠራ፣ አንቺ የምታልፊበትን የጣርማ በርን ዋሻ ሲወጋ፣ የሥራው ቃል አብሮ ቀረ። ፌሮ፣ ሶሌታ፣ ሊሾ፣ ባሬላ፣ ጣውላ፣ ብሎኬት ሁሉም ከዚያ ቋንቋ ናቸው። አንቺ የእነሱን ቃል ተጠቀሚ፣ የአንቺንም አስተምሪያቸው። አንድን ነገር በሁለት ስም የምትጠሩ ከሆነ ግን ሥራ ከመጀመሩ በፊት በጣትሽ እያሳየሽ አስማሚ። ስህተት የሚገባው እዚያ ነው።

ከሁሉም የምወደው ቃል አርማታ ነው። በጣሊያንኛ የታጠቀ ማለት ነው። ሰዉ ዛሬ ማንኛውንም ኮንክሪት አርማታ ይላል። አመጣጡ ግን ብረት ለታጠቀው ብቻ ነው። ኮንክሪት ሲጫኑት ጀግና ነው፣ ሲስቡት ግን ደካማ ነው፤ ሲጫኑት ከሚችለው ሲስቡት አንድ አሥረኛውን እንኳ በጭንቅ ነው የሚችለው። የሚሳበውን ብረቱ ይይዝለታል። የአያትሽ ጭቃ ጭድ የታጠቀው ለዚሁ ነው። ስለዚህ ከመሙላታችሁ በፊት ፌሮው ጣውላው ላይ ተኝቶ እንዳይቀር ተጎንብሰሽ እዪ። ከሥሩ መደገፊያ ይግባለት፣ አርማታው ዙሪያውን ያልብሰው። ሠራተኛ ረግጦ ካወረደው ትጥቁ ወልቋል ማለት ነው።

ፌሮ ሲራገፍ ደግሞ አንዷን ቤርጋ (ሙሉ ዘንግ) መዝኚ። የውፍረቱን ቁጥር በሚሊ ሜትር ወስደሽ በራሱ አባዢና ለ162 አካፍዪው፤ የአንድ ሜትር ክብደት በኪሎ ይወጣል። ባለ 12ቱ በሜትር 0.89 ኪሎ ገደማ ነው። ቤርጋው 12 ሜትር ስለሆነ 10.7 ኪሎ አካባቢ ሊመዝን ይገባል። በጣም ከጎደለ ቀጭን ነው የተላከልሽ።

የአርማታውን የጥንካሬ ደረጃ "ሲ-25" ሲሉሽ እና ድሮዊንጉ "ሲ-20/25" ሲል ግራ አይግባሽ። 25ቱ 15 በ15 ሳንቲም በሆነው ኪዩብ (የአርማታ ናሙና) ሲለካ ነው፣ 20ው በሲሊንደር ሲለካ። አርማታው ያው አንድ ነው። ለሠራተኛ ግን እንዲህ ብለሽ ንገሪው፦ በአውራ ጣትህ ጥፍር ስፋት ላይ ሁለት ኩንታል ተኩል ገደማ ይሸከማል። ያኔ ይገባዋል።

ውሃን በሚመለከት ከማንም ጋር ተጣዪ፣ ከዚህ ግን አትልቀቂ። ለአንድ 50 ኪሎ የሲሚንቶ ከረጢት 25 ሊትር ውሃ ማለት የሲሚንቶው ክብደት ግማሽ ነው፤ አንድ ቢጫ ባለ 20 ጀሪካንና አንድ ባለ 5 የዘይት ጀሪካን። አሸዋው እርጥብ ከሆነ ከዚያም ይቀነሳል። ሠራተኛው "ወፈረብን፣ ትንሽ እናቅጥነው" ይልሻል። ይደክመዋልና እውነቱን ነው። ግን 10 ሊትር ስትጨምሪለት ውሃው ለሲሚንቶ ሲካፈል 0.5 የነበረው 0.7 ይሆናል፣ ጉልበቱም በጣም ይወርዳል። ከወፈረ ስላምፑን (የቅጥነቱን ልክ) ለኪ፣ ቫይብሬተሩን (መነቅነቂያውን) አስነሺ፣ ሰው ጨምሪ። ውሃ ግን አይሆንም።

አሸዋ ሲመጣ በሃይላንድ ፈትሺው። እስከ ግማሽ አሸዋ፣ ከዚያ ውሃ ጨምረሽ በደንብ ናጪና አስቀምጪው። ሲረጋ አፈሩ ከላይ ይታያል። 10 ሳንቲም አሸዋ ላይ ከ6 ሚሊ ሜትር በላይ አፈር ካለ ይታጠብ ወይ ይመለስ።

እናትሽ ቆሎና ትንሽ በሶ አዘጋጅታለች፣ ማክሰኞ በሚወርድ መኪና ይደርስሻል። ከቆሎው ከረጢት ሥር ቱምቢዬን (የግድግዳ ቀጥታ መለኪያዬን) አድርጌልሻለሁ። ክሩን አዲስ ቀይሬዋለሁ።

ሐሙስ ኅዳር 11 የሞላችሁት 7 ቀኑ የሚሞላው ኅዳር 18 ነው። እስከዚያ ጆንያው አይነሣ። 28 ቀኑ በእኔ ቆጠራ ታኅሣሥ 9 ላይ ይውላል። የኪዩቡ ውጤት እንደወጣ ደውዪልኝ፤ የዚያን ቀን ሥራ አልገባም፣ ስልኩን ይዤ እጠብቃለሁ።

አባትሽ