ስሌቱ የማያውቀው ግማሽ ሊትር

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ባለፈው ሳምንት ስለ ፀረ ተባይ ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩ። ፀረ ተባዩ ወደ ከርሰ ምድር ውሃ ይወርድ እንደሆነ የሚተነብየው የኮምፒውተር ስሌት ችግር የለም ካለ የጉድጓዳችን ውሃ አይነካም የሚል ነገር አለበት። እዚህች ላይ አልተስማማሁም።

እኔ መቂ አጠገብ መሬት ተከራይቼ ቲማቲምና ሽንኩርት አመርታለሁ። ከዚያ በፊት 11 ዓመት የአፈር ናሙና ሳወጣ ነው የኖርኩት። ስለዚህ ስሌቱን የምንቅ ሰው አይደለሁም።

ስሌቱ አፈሩን እንደተደራረበ እንጀራ በስሱ ይከፋፍለዋል። ከዚያ በየቀኑ ይቆጥራል፦ ስንት ዝናብና መስኖ ገባ፣ ከመድኃኒቱ ምን ያህሉ አፈሩ ላይ ተጣበቀ፣ ምን ያህሉ ከውሃው ጋር ወረደ፣ ምን ያህሉን ተህዋስያን በሉት። (መድኃኒት የምንለው እኛ ነን፤ መርዝ ነው።) በ20 ቀን ግማሹ የሚፈርስ ከሆነ ከ100 ግራም ውስጥ በ40ኛው ቀን 25፣ በ60ኛው 12 ተኩል ግራም ይቀራል።

ይህ ግማሹ የሚፈርስበት ጊዜ ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው ለ20 ዲግሪ ሙቀት ነው። አውሮፓውያን በስሌታቸው የአፈሩ ሙቀት 10 ዲግሪ ሲጨምር መፍረሱ 2 ተኩል እጥፍ ገደማ ይፈጥናል ብለው ይይዛሉ። እንግዲህ የመቂ ፀሐይ ለኛ ታደላለች፤ አልክድም። ግን መሬቱ ሲደርቅ ተህዋስያኑም ሥራ ይፈታሉ። ከማረሻ በታች ደግሞ ቁጥራቸው ይመነምናል። እዚያ ድረስ ያመለጠ መድኃኒት ቶሎ አይጠፋም።

ለአገራችን የሚሆን ስሌትም አለ። የኢትዮጵያና የኔዘርላንድ ባለሙያዎች ከ10 ዓመት በፊት ገደማ አብረው ሠርተውታል፤ ስምጥ ሸለቆም ተካቶበታል። ጥሩ ሥራ ነው። ግን እንዲህ ያለ ስሌት መድኃኒቱ ማሳው ላይ እኩል እንደተረጨ አድርጎ ነው የሚነሳው። እኔን አያውቀኝም።

እኔ ያደረግኩትን ልንገራችሁ። ከሦስት ዓመት በፊት፣ ረጭቼ ስጨርስ የጀርባ መርጫውን የማጥበው ጉድጓዱ አፍ ላይ ነበር። ባለሙያ ነኝ ባዩ! ውሃው እዚያው ነው ያለው፣ እጄም እግሬም እዚያው ነው የሚታጠበው፤ ማን 50 ሜትር ይሄዳል? አንድ ቀን ግን ቁጭ ብዬ ደመርኩት። መርጫው ውስጥ ግማሽ ሊትር ያህል ይቀራል። በሊትር 2 ግራም መርዝ ካለው፣ ትርፉ 1 ግራም ነው። የአውሮፓ ኅብረት ለከርሰ ምድር ውሃ ያስቀመጠው ወሰን በሊትር 0.1 ማይክሮግራም ነው፤ ማይክሮግራም የግራም አንድ ሚሊዮንኛ ነው። በዚህ ወሰን 1 ግራም እስከ 10 ሚሊዮን ሊትር ውሃ ያበላሻል። የኔ ጉድጓድ ሞላ ሲባል 3 ሺህ ሊትር አይሆንም። ከሱም ሻይ አፍልተን እንጠጣ ነበር።

ስለዚህ ማሳ ለማሳ እየዞራችሁ መጠይቅ የምታስሞሉ ባለሙያዎች፣ ምን ረጫችሁ፣ ስንት ረጫችሁ ብቻ አትበሉን። መርጫውን የት ታጥባላችሁ ብላችሁ ጠይቁ። መልሱንም ስሌቱ ውስጥ አስገቡት። ባዶ ጠርሙሱ የት እንደሚጣል መጠየቅም አይከፋም፤ እሱ እንኳ ራሱን የቻለ ደብዳቤ ይወጣዋል።

ብዙ የስዊድን ገበሬዎች በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1990ዎቹ ጀምሮ መርጫ የሚያጥቡት ገለባ፣ አፈርና የበሰበሰ ነገር በተቀላቀለበት ጉድጓድ ላይ ነው። ገለባው ለተህዋስያኑ ምግብ ይሆናል፤ መድኃኒቱን እዚያው ይዘው ይሰባብሩታል። እኔም ከውሃው ራቅ አድርጌ፣ ጎርፍ የማይደርስበት ቦታ መርጬ አንድ ቆፍሬያለሁ። ከሥሩ ጭቃ ለጥፌ የጤፍ ጭድ ሞላሁበት። መርጫውን አጥቤ እጣቢውን ጭዱ ላይ ስደፋ ያየኝ ሠራተኛዬ ግራ ገብቶት ቆመ።

«ጋሼ፣ ጭድም ትል ይበላዋል እንዴ?»

አንድ አትክልት አምራች
ከመቂ